ከአንድ ፍሬ በታች

ባሌን «ግማሽ» ብዬ የሰየምኩት እኔ አይደለሁም፤ የላቦራቶሪያችን ሰዎች ናቸው። ማጉያ ይሠራል። ማጉያ ስል ሠርግ ቤት ጆሯችንን የሚያደነቁረውን አይደለም። የእሱ ማጉያ የጥፍር ያህል ናት፤ ሌላ መሣሪያ የማይሰማውን ደካማ የማይክሮዌቭ ምልክት ተቀብላ አጉልታ ትሰጠናለች። ክፋቱ፣ ማጉያ የተባለ ሁሉ ሲያጎላ የራሱን ጫጫታ ይቀላቅላል። ምን ቢጠበቡበት ከዚህ በታች አይወርድም የተባለለት ልክ ግማሽ ፍሬ ነው። «ፍሬ» የምንለው ትንሿን የጉልበት መጠን ነው፤ የምንለካው አማካይ ስለሆነ ግማሽም ሩብም ሊወጣ ይችላል። ባሌ ያችን ግማሽ ሲያሳድድ ፀጉሩ ሸበተ፣ ስሙም በዚያው ግማሽ ሆኖ ቀረ። እናቱ ሳይቀሩ «ግማሽ ገባ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

እኔ ደግሞ ከበሮ አለችኝ። ከስስ ብረት የተሠራች፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ብትቀመጥ ቦታ የሚተርፋት ከበሮ። ማንም ሳይመታት ትንቀጠቀጣለች፤ ሙቀት ነው የሚያንቀጠቅጣት። ስለዚህ ከጣሪያው የተንጠለጠለ፣ ሰው የሚያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ አቀዘቅዛታለሁ። የቀራትን መንቀጥቀጥ ደግሞ ሌላ ማይክሮዌቭ እየላክሁ እቀንስላታለሁ። ግቡ የቀራት ንቅናቄ ከአንድ ፍሬ በታች እንዲሆን ነው። ይኸው ነው በቃ። ለዚህ ነው ሰው መስኮት በሌለው ምድር ቤት የሚያረጀው።

«ከአንድ በታች ካወረድሻት የቋሚ ተመራማሪነቱ ወንበር ያንቺ ነው» ብለውኛል ጋሼ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ። «ካላወረድሻት ግን ውልሽን የማድስበት ምክንያት አይኖረኝም። ከአሁኑ እወቂው።» ጋሼ ነገር አያሽሞነሙኑም፤ ለዚህም እወዳቸዋለሁ፣ ለዚህም እፈራቸዋለሁ።

አወረድኳት። ዜሮ ነጥብ ሰባት! ያን ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ያልተቃቀፈ ሰው አልነበረም። የባሌ ማጉያም የምትጨምረው ጫጫታ ዜሮ ነጥብ ስድስት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ግማሿን ልትነካት ምንም አልቀራትም። ጋሼ ወዲያው የበላይ ሰዎችን ጠሩ፤ አርብ ከምሳ በኋላ መጥተው ይሰማሉ። በዚያው አርብ ፍሪጁ ለሌላ ቡድን ይሰጣል፣ እነሱም የራሳቸውን ነገር ለማስገባት መጀመሪያ ያሞቁታል። የኔ ከበሮ ከሞቀች ደግሞ ቆዳዋ ይጨማደዳል፤ ሁለተኛ አትመለስም።

ሐሙስ ከሰዓት ለእንግዶቹ የማሳየውን እያዘጋጀሁ ነበር። በፍሪጁ ሆድ ውስጥ፣ ከማጉያዋ ጎን፣ ማሞቂያ የታሰረላት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ «ምስክሯ» እንላታለን። ምስክሯን ስታሞቃት ጫጫታ ትሰጣለች፣ ስንት ፍሬ እንደምትሰጥም ከሙቀቷ ተሰልቶ ይታወቃል። ያንን ጫጫታ ማጉያዋ አጉልታ ስታወጣው እኛ ከላይ እንለካዋለን። ያኔ አንድ ፍሬ ከላይ ምን ያህል ሆና እንደምትታይ እናውቃለን። ካሊብሬሽን የምንለው ይህንን ነው፤ ሚዛን ላይ የታወቀ ኪሎ አስቀምጦ ሚዛኑን መፈተን በሉት። ይህ ካልተደረገ ከበሮዋ ይህን ያህል ተንቀሳቀሰች ማለት ወሬ ነው።

እንግዲህ ይህንን ላሳያቸው ብዬ ምስክሯን አሞቅኳት። ጎን ለጎን ወደ ማጉያዋ አንድ የማይለዋወጥ የሙከራ ምልክት እየላክሁ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምስክሯ ስትሞቅ ምስማሩ አደገ። ማንም ሳይነካው። አቀዘቀዝኳት፤ ወረደ። እንደገና አሞቅኳት፤ እንደገና አደገ። ክው አልኩ።

የላክሁት ምልክት ያው ከሆነ፣ የተለወጠችው ማጉያዋ ናት። የምስክሯ ሙቀት በመዳቡ ማሰሪያ ሾልኮ ማጉያዋ ጋ ይደርሳል፣ እሷም ሞቅ ሲላት አብልጣ ታጎላለች። እኛ ደግሞ ያንን ትርፍ ማጉላት ሁልጊዜም ያላት አድርገን ነው ያሰላነው። ሚዛናችን የታወቀውን ኪሎ አክብዶ አሳይቶናል፤ እኛም እሱን አምነን ሌላውን ሁሉ አቅልለን መዘንን። የባሌ ማጉያ ጫጫታ ቀለለ፣ የኔም ከበሮ ንቅናቄ ቀለለ። ስህተቱ ለሁለታችንም አዳላልን። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው፤ የሚያስደስት ቁጥር ሲመጣ ማን ይመረምራል?

ባሌ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ምስክሯን ባሞቀ ቁጥር ማጉያዋ ስንት እጥፍ እንደምታጎላ ሳይፈትሽ የማያልፍ ሰው ነው፤ ሌሎቹን በዚህ ሲነዘንዛቸው ነው የሚውለው። ካሊብሬሽኑን የሠራበት ቀን ግን ትዝ አለኝ። ልጃችን ትኩሳት ይዟት እጄ ላይ የተንቀጠቀጠችበት ቀን ነበር። ከሐኪም ቤት ደውዬ «ዓይኗ ተገለበጠ፣ ቶሎ ና!» ብዬ የጮህኩበት እኔው ነበርኩ።

እቤት ስደርስ ለአርብ የሚለብሰውን ሱሪ እየተኮሰ ነው። ያፏጫል። ልጃችን ከአያቷ ጋር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀት ትቀዳድዳለች። ፉጨቱ አንጀቴን በላው።

«አንተ» አልኩት።

«እ?»

«ያን ቀን ምስክሯ ሞቃ እያለች ማጉላቷን ፈትሸሃል?»

ካውያውም ፉጨቱም አንድ ላይ ቆሙ። «ምን ለማለት ነው?»

«መጠየቄ ነው።»

«አንቺ ዝም ብለሽ አትጠይቂም። አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል ካወቅኩሽ።»

ዛሬ ያየሁትን ነገርኩት። እየሰማኝ ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ። «የእኔ ማጉያ ጤነኛ ናት» አለ። «ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል፣ ኬብሉ ይሆናል፣ ያንቺ ምልክት ይሆናል።»

«አንተ ፈትሸሃል ወይ ነው ያልኩህ!»

«ያን ቀን ምን ቀን እንደነበር ጠፋሽ?» ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገው። «ልጅቷ ሐኪም ቤት ተኝታ እኔ ምስክር ሳሞቅ ልዋል ነበር? ይህን ነው የምትይኝ?»

«እንደሱ ወጣኝ?»

«ወጥቶሻል!»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አሉ አማቴ ከምንጣፉ። «ልጅቷ ትሰማለች። ለሥራ ብላችሁ ልትበላሉ ነው?»

ባሌ የካውያውን ገመድ ነቀለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ እኮ ነው» አለኝ። «ወንበርሽ እኮ ነው። ማን ጠየቀሽ?»

ይኸኔ ደሜ ፈላ። በእሱ አልነበረም የተናደድኩት፤ እኔም ከላቦራቶሪ እስከ ቤት ድረስ ራሴን ይህንኑ ስጠይቅ ስለመጣሁ ነው። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ ከበሮዋም ነገ ትሞታለች፣ ማስረጃው አብሯት ይቀበራል። በሩን ወርውሬ መኝታ ቤት ገባሁ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

አርብ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ምድር ቤት ወረድኩ። ፓምፖቹ እንደ ልማዳቸው ያጉረመርማሉ። ወለሉ ላይ ያለው ኬብል ሰው እንዳያደናቅፍ በቢጫ ቴፕ ተለጥፏል፣ ግማሹ ተነቃቅሏል። ወንበሩ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሹራብ ተሰቅሏል፤ ስፈራ እሱን ነው የምለብሰው፣ ለበስኩት። የድሮውን ሥራ ማረም አይቻልም፤ ያን ቀን ማጉያዋ ምን ያህል እንዳጎላች ማን ያውቃል? ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሁሉንም እንደገና መለካት፣ በየሙቀቱ እየፈተሹ። እስከ ምሳ ይደርስ ይሆናል።

ማጉያዋ ግን ሌሊቱን ጠፍታ አድራለች፤ ሁልጊዜ የሚያስነሳት ደግሞ ባሌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ትቆጣለች። ጉልበት የሚሰጣትን ምልክት ትንሽ ካበዛህባት ራሷ መጮህ ትጀምራለች። ይኸው አበዛሁባት፣ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አበደ። ዝቅ አደረግኩ፣ ጭራሽ ሞተች። ከፍ፣ አበደች።  አቃጠልኳት ብዬ ልቤ ሊወልቅ ደረሰ።

«እጅሽን አንሺ» አለኝ ባሌ ከኋላዬ።

ሱሪው ተተኩሷል፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም። ዓይኑ ቀልቷል። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ቁልፉን በሁለት ጣቱ፣ የተኛ ሕፃን ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው፣ ዞር አደረገው። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ምስማሩ ብቻ ቆመ።

«አሙቂያት» አለ።

ምስክሯን አሞቅኳት። ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ አለ፤ የዚህ ሥራ መከራው መጠበቁ ነው። ሁለታችንም ምስማሩ ላይ አፈጠጥን። አደገ።  ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁንም አደገ። ባሌ በከንፈሩ እየቆጠረ ነበር፤ ላብ ግንባሩ ላይ አየሁ፣ በዚያ ብርድ።

«ወደ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ነው» አለ በመጨረሻ። «ምን ዓይነት ጅል ነኝ እኔ!»

«ጅል አይደለህም።»

«እመለስበታለሁ ብዬ ነበር እኮ። በማግስቱ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ልጅቷ ስትድን ከደስታዬ ብዛት ጠፋኝ።»

 «ስማ» አልኩት፣ «ያን ቀን ‹ልፈትሽ› ብለህ ብትቆይ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አልምርህም ነበር። ገባህ? ስለዚህ ዝም ብለህ ለካ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ስትምሪ አይተን እናውቃለን?» አለ። ሳቅ አመለጠኝ፣ ከዚያ ደግሞ ወዲያው ፍርሃቱ ተመለሰብኝ።

ለካን። አሞቅን፣ ጠበቅን፣ ማጉላቷን ፈተሽን፣ ጫጫታውን ወሰድን፣ እንደገና አሞቅን። ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲያሰምር ባሌ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሳ፤ ቁጥሩ ሲወጣ መቀመጥ አይሆንለትም። ማጉያዋ የምትጨምረው ጫጫታ ዜሮ ነጥብ ስድስት አልነበረም። አንድ ተኩል ነበር።

«በቃ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ተኩል ብላችሁ ጥሩኝ።»  ዞሮ ፓምፑን የሚያይ መሰለ፤ ፓምፑ ምንም አልሆነም።

የኔን ቁጥር ለማስላት አልደፈርኩም። እሱ ነው ያሰላልኝ። አንድ ነጥብ ሦስት። ከአንድ በላይ። ውሃ ሆንኩ። ውሉ፣ ወንበሩ፣ እዚህ ምድር ቤት የቀበርኩት ዕድሜዬ ሁሉ ከዜሮ ነጥብ ሰባትና ከአንድ ነጥብ ሦስት መሃል ገብቶ ጠፋ።

«ቆይ እንጂ» አለ ባሌ። «ሰዓት አለን እኮ። ዜሮ ነጥብ ሰባት ደረሰች ብለሽ ነው ማቀዝቀዙን የተውሽው። ጨምሪበት።»

እውነቱን ነው! ከበሮዋን የሚያቀዘቅዘውን ማይክሮዌቭ ከዚያ በላይ አልገፋሁትም ነበር፤ የደረስኩ መስሎኝ። ጨመርኩ። አንድ ነጥብ ሁለት። ነፍሴ መለስ አለች። ጨመርኩ። አንድ ነጥብ አንድ። «እሰይ!» አለ ባሌ፣ ትከሻዬን ጨምቆ ያዘኝ። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ እናቴ» እያልኩ ለከበሮዋ ስለምናት ድምፄን ሰማሁት። ጨመርኩ። አንድ ነጥብ አንድ። ጨመርኩ። አንድ ነጥብ ሁለት።

ትንሽ ብቻ ሌላ ብጨምር ብዬ ጨመርኩ። አንድ ነጥብ አራት። የሚያቀዘቅዛት ማይክሮዌቭ ራሱ ሊያሞቃት ጀመረ። ከዚህ ወዲያ መግፋት ማባስ ነው። ወደ ነበረበት መለስኩት፣ አንድ ነጥብ አንድ ላይ ቆመች፣ እምቢኝ አለች። ባሌ እጁን ከትከሻዬ ላይ አላነሳም፣ ግን መጨመቁን ተወ።

«ጋሼ ሳይገቡ ድረሺባቸው» አለኝ።

ጋሼን ከአዳራሹ በር ፊት አገኘኋቸው። ክራባት አስረዋል። ውስጥ የሰው ድምፅ፣ የወንበር ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ተሳስቷል።»

እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ገባቸው፤ ማጉያዋ ሞቃ ነው ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባሌ ለምን እንዳልፈተሸ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

«አሁን ስንት ነው?»

«አንድ ነጥብ አንድ።»

«ስንት ይሳሳታል?»

«ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት አሥረኛ።»

 «እንግዲያው ከአንድ በታችም ልትሆን ትችላለች።»

«ልትሆን ትችላለች፣ ጋሼ።»

«‹አንድ ገደማ› ብል ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«እንደዚያ ካልኩ ወንበርሽን ማትረፍ እችላለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ነሽ የለካሽው። ምን ልበል?»

 ወዲያው «አዎ፣ እንደሱ ይበሉ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልዋሽም፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸት እኮ አይደለም። ልጅ አለችኝ። ባሌ ዛሬ ስሙን ጥሎ መጥቷል፣ እኔ ደግሞ ወንበሬን ልጣል? ጋሼ አልቸኮሉም። ከውስጥ አንድ ሰው በሩን ከፈት አድርጎ አየንና መልሶ ዘጋው።

«‹አንድ ገደማ› ሲሏቸው ምን ብለው የሚሰሙ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ጋሼ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ከአንድ በታች ብለው ይሰማሉ» አሉ።

«እንግዲያው አንድ ነጥብ አንድ ይበሉ። ስህተቱንም ይንገሯቸው። አላወረድናትም ይበሏቸው።»

«ልጄ፣ ውልሽን...»

«አውቃለሁ ጋሼ። ይግቡ በቃ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።» ተቆጣሁባቸው እንጂ! በሕይወቴ ጋሼን ተቆጥቼ አላውቅም። እሳቸውም ክራባታቸውን አስተካክለው ገቡ። በሩ ሲዘጋ እጆቼን በሹራቡ እጅጌ ሸሸግኩ።

ምድር ቤት ስመለስ ተረኛው ቡድን ሳጥኖቹን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ባሌ ፊቴን ሲያይ ገባው። የቡድኑ መሪ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ «እህቴ፣ ማሞቅ እንጀምር?» አለኝ።

«እኔ ልጀምረው» አልኩት።

ቁልፉን ተጫንኩ። ፓምፑ ድምፁን ለወጠ። የከበሮዋ ምልክት ስክሪኑ ላይ ማደግ ጀመረ። ሁለት ፍሬ። አምስት። አሥር። አሁን ሚዛኑ ልክ ነው፣ እያንዳንዷን ልክ ልኳን እናያታለን። ባሌ ጎኔ ቆሞ አብሮኝ ይቆጥራል። ሃያ። ሠላሳ። እንዲህ ስትዘል አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ዝም እንድትል ነበር የምለምናት። ከዚያ ድንገት ቆዳዋ ተጨማደደ መሰለኝ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም።

«መጨረሻ ላይ ስንት ደረሰች?» አለኝ ባሌ።

አላየሁም። እንባዬ ስክሪኑን ጋርዶብኝ ነበር።